በምሰሶው ውስጥ ያለችው አልቃሽ

«ሟች ለራሱ አያለቅስም፣ ጋሽ ኪሩቤል። ይኼን ለማወቅ የእድር ዳኛ መሆን አያስፈልግም።»

«ስህተት ነው አልንሽ እኮ ሜላት። ስሙ ከአባላት ገና አልተሰረዘም። እሷ በአባላቱ ሁሉ ድምፅ ነው የምታለቅሰው፤ እሱም አባል ነው። ነበረ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያውስ ዝም አሰኛት።»

«ማንን ነው ዝም የማሰኘው? ሲሚንቶ?»

ጋሽ ኪሩቤል ይህን ብሎ በአዳራሹ መሐል የቆመውን ወፍራም ምሰሶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሊገዛው ያማረውን በሬ ሽንጥ እንደሚመታ ሰው። ወዲያው ምሰሶው ውስጥ ያለችው አልቃሽ ድምፅ ለወጠች። እስከዚያ ድረስ በሜላት የባል እህት፣ በሶልያና ድምፅ ስታለቅስ ቆይታ ነበር። አሁን ወፈር፣ ሻከር ያለ የወንድ ድምፅ ያዘች። ትናንት የተቀበረው የሜላት ባል፣ የያፌት ድምፅ ነበር።

«ወይኔ ወንድሜ ያፌት፣ ወይኔ ደጉ ሰው፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣው…»

ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ንፍሮ የዘገነ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀርቶ፣ አንዲት ሴትም አማትባ ነበር። ከሰዓት ግን ተለምዷል። ጥግ ላይ ካርታ ከሚጫወቱት ወንዶች አንዱ ቀና ሳይል «ያፌት ሲያለቅስም ያጉረመርማል» አለ፤ ሌሎቹ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ሜላት ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

በዚህ ሰፈር ሰው በገዛ ጉሮሮው ማልቀስ ከተወ ሰንብቷል። አልቃሿ፣ በሰው ድምፅ የምታለቅሰው መሣሪያ፣ መጀመሪያ የመጣችው መምጣት ለማይችሉ ሰዎች ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ፣ የሌሊት ፈረቃ ያለባት ነርስ፣ ድምፃቸውን አስመዝግበው በእሷ ይወከሉ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ፎቅ ወርደው መምጣት የሚችሉትም ተወከሉ። ከዚያ የመጡትም ተወከሉ። አሁን ለቀስተኛ ገብቶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል፤ እግሩን ይዘረጋል፤ የገዛ ልቅሶው ከምሰሶው ሲወጣ ያዳምጣል። ካማረለት አንገቱን ይነቀንቃል።

ምሰሶው ውስጥ እንድትሞላ ያደረገው የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የድሮው እድር ዕቃው አይበረክትለትም ነበር። ድስቱ በውሰት ሄዶ ይቀራል፤ ወንበሩ እግሩ ተሰብሮ ይመለሳል፤ ድንኳኑን አንድ ጊዜ የማዶዎቹ እድር ወስዶ ለሠርግ ሲያከራየው ተገኝቷል። ስለዚህ አልቃሿ በተገዛች ጊዜ፣ ሕንፃው ገና ሲቆም፣ ከኮንክሪቱ ጋር ትሞላ ተባለ። ማንም አይሰርቃት፣ ማንም አይዋሳት። ማጥፊያም እንዳይኖራት የወሰነው ያው ጉባኤ ነው። የተጣሉ ጎረቤቶች አንዱ በሌላው ልቅሶ ላይ መብራት ያጠፉበትን ዘመን ያልረሱ ሽማግሌዎች ነበሩና። ሞት ሲመዘገብ ትጀምራለች፤ በሣልስቱ ድንኳን ሲነሳ ታቆማለች። ድንኳን የሚባል ነገር ዛሬ የለም፤ ያለው ይህ የምድር ቤት አዳራሽ ነው፤ አባባሉ ግን ቀርቷል። ያን ቀን ሜላትም ከሌሎቹ ጋር እጇን አውጥታ ደግፋለች። ብልህ ውሳኔ መስሏት ነበር።

«ነገ ሣልስት ነው» አለ ጋሽ ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ከሰዓት ድንኳን ይነሳል፤ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ታገሺ።»

«ድንኳን ከተነሳ በኋላማ ምን አደርገዋለሁ?»

«ምኑን?»

«ልቅሶዬን።»

ጋሽ ኪሩቤል ትኩሳት የያዘውን ሕፃን እንደሚያይ ሰው ትክ ብሎ አያት። «አለቀስሽ እኮ የእኔ እመቤት። ሁላችንም ሰማንሽ። እንዲያውም ከሁሉም ያንቺ ነበር ያማረው።»

ነገሩ ይኼው ነበር። ያፌት ሆስፒታል ሲሞት ነርሷ «እዚህ ድምፅ ማሰማት አይፈቀድም እናቴ» ስላለቻት ሜላት ልቅሶዋን ዋጠችው። መቃብር ላይ ከኋላ ሌላ አስከሬን ስለቆመ ቦታ ልቀቁ ተባሉ፤ ያኔም ዋጠችው። እድር ቤት እስክደርስ ነው እያለች፣ ሸክም የከበደው ሰው ወደ ማረፊያው እንደሚቸኩል ቸኩላ መጣች። ገብታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አፏን ስትከፍት፣ ምሰሶው ቀደማት። በራሷ ድምፅ። የዛሬው ድምፅ ግን አልነበረም፤ በሠላሳ ዓመቷ ያስመዘገበችው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሳል የሌለበት፣ ጥርስ ያልጎደለው። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ምሰሶው መለሱ። «ሜላት እንዴት ታለቅሳለች» ተባባሉ። እሷ አፏን እንደከፈተች ቆማ ቀረች። ሌላ ሰው ያኘከውን ጉርሻ አፏ ውስጥ የጨመሩባት ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ልታለቅስ በቃጣች ቁጥር ያው ነው። ትንፋሿ ከፍ ሲል ምሰሶው ይሰማል፤ ሰምቶም ይነጥቃታል።

ሶልያና የንፍሮ ሳሕን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ምነው ሜላትዬ፣ ሰው ፊት ትጣያለሽ?»

«አልተጣላሁም።»

«የእኔን ሰማሽው? ‹የእናቴ ልጅ፣ የጎኔ አጥንት› ስትል? ሰውነቴን ነው የወረረኝ።» የስንዴ ገለባ ከንፈሯ ላይ ተለጥፏል። ምሰሶው እንደገና በእሷ ድምፅ ሲንሰቀሰቅ፣ ሳግ ሲይዘው፣ ሶልያና በትንሿ ጣቷ ጥፍር ከመንጋጋዋ ጥራጥሬ እየፈለቀቀች ነበር። ያገኘችውን አየችው፤ መልሳ በላችው።

ሜላት ፊቷን አዞረች። «ያፌት ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር እንዴ?»

«እንግዲህ ለሞተ ሰው…»

«ጠዋት ሲነሳ ከካልሲው ጋር ይጣላ ነበር እኮ ሶልያና።»

ሶልያና ማኘኳን አቆመች። ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። «አንዱን እግር ሆን ብለሽ ትደብቂዋለሽ ብሎ ይከስሽ ነበር። እኔ ዘንድ መጥቶ ተናግሯል። ‹ይቺ ሴት በካልሲ ልትገድለኝ ነው› ብሎኛል።»

«ብሎሻል?»

«ሙች! ደግሞ እኮ…» ድምፏ ቀጠነ፤ ዓይኗ ሞላ። ሜላት እጇን ያዘቻት። ያን ጊዜ ምሰሶው በሶልያና ድምፅ «ወይኔ ወንድሜ» ብሎ ጮኸ፤ ሶልያናም ሰው እንደጠራት ሁሉ ጆሮዋን ወደዚያ ሰጠች። እንባዋ የት እንደደረሰ አይታወቅም። «ይኼን ስሚማ» አለች፤ «ይኼን አሁን ነው የጨመረችው።»

ሜላት እጇን ለቀቀች፣ ተነሣች፣ በደረጃው ወደ ታች ወረደች።

የሕንፃው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አቤኔዘር ክፍሉ ከመኪና ማቆሚያው ጎን ናት። ያው ምሰሶ አዳራሹን በስቶ ወርዶ የክፍሉን ግማሽ ይዞታል፤ አልጋው ወደ ግድግዳ የተገፋው ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ነው። አቤኔዘር ሲያያት ብድግ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት እትዬ ሜላት። ልወጣ ነበር፤ ፈረቃ ሆኖብኝ…»

«ተወው እሱን። አቤኒ፣ አልቃሿን ማጥፋት ፈልጌ ነው።»

«አትጠፋም።»

«ምሰሶውን ብንሰብረው?»

«እሱን ከሰበርን ፎቁ ሁሉ ይወርድብናል። ያኔ ደግሞ ማን ያለቅስልናል?» ቀልዱ ራሱንም አላሳቀውም።

«መብራት ቁረጥባት።»

«የራሷ ባትሪ አላት፤ እዚያው ኮንክሪቱ ውስጥ። መብራት ሲቋረጥ እንዲያውም ድምፅ ትጨምራለች።»

«እንግዲያ ምን ቀረ?»

አቤኔዘር አንገቱን አከከ። ብዙ ጊዜ ብቻውን ያሰበው ጉዳይ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። «መቁረጥ ካልተቻለ መጨመር ነው። ወደ እሷ የሚገባው ሽቦ ቀጭን ነው፤ እንደ ስልክ ሽቦ። እዚህ ደግሞ መኪናዎቹ ቻርጅ የሚደረጉበት ወፍራሙ መስመር አለ። የሱን ኃይል በዚያ በቀጭኑ ቢለቁባት ውስጧ ይነዳል። ማንም ሳይነካት፣ እተቀመጠችበት።» ቀጥሎም «ግን እኔ አላደርገውም እትዬ ሜላት» አለ። «እንጀራዬ ነው። እድሩ ቢያውቅ በማግሥቱ ነው የሚያባርረኝ።»

ሜላት አልተቆጣችም። የሰው እንጀራ ላይ መቆም አይገባትም። ልትወጣ ዞረች፤ የዚያን ጊዜ ነው ከምሰሶው ሥር ሌላ ድምፅ የሰማችው። ላይኛው ቤት ካለው ልቅሶ ጋር አይገጥምም። ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ስንኝ ይጀምርና ይተዋል፤ ደግሞ ቃል ለውጦ ይሞክራል።

«ምንድነው እሱ?»

«ልምምድ ነው» አለ አቤኔዘር ወለሉን እያየ። «የታመመ ሰው ስም ከክሊኒክ ይደርሳታል። ሞቱ ድንገት እንዳይሆንባት ግጥሙን አስቀድማ ትሠራለች። የጋሽ ያፌትን ሆስፒታል እያሉ ሰምቼዋለሁ። ሊያስታምሙ ሲወጡ በበሩ ሲያልፉ እያየሁ… ምን ብዬ ልንገርዎ?»

ሜላት ጆሮዋን ወደ ምሰሶው አስጠጋች። ሲሚንቶው ይሞቃል፤ እንደ ትኩሳታም ሰው ገላ። አውቃ ሸሸት አለች፤ ቃሉን ግን ሰምታለች። «ወይኔ ልጄ አስናቀች… ወይኔ ጽጌዬ አስናቀች… ወይኔ እንቡጤ…» ምሰሶው የትኛው እንደሚሻል ያማርጥ ነበር።

«አስናቀች የማን ናት?»

«የእኔ ናት።» አቤኔዘር አሁንም ቀና አላለም። «ጉንፋን ነው የያዛት። ክሊኒክ ወስደናት ጉንፋን ነው ብለውናል። ዛሬ ትምህርት ቤት ሄዳለች።»

ሜላት እንደገና አዳመጠች። ልጅቱን የሚያለቅሳት ድምፅ አሁን ከሜላት አጠገብ ቆሞ ሲያናግራት የነበረው የአቤኔዘር ነው፤ ያው ሻካራ፣ ያው ተብተብ የሚል። አቤኔዘር ከመሣሪያ ሣጥኑ ፒንሳ አንስቶ እያገላበጠ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ነገ ድንኳን ሳይነሳ ነው የሚፈልጉት?» አለ።

«ሳይነሳ።»

«እርስዎ ምሰሶውን አይደገፉት። ሰውም እንዳይደገፈው ያድርጉ።»

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሣልስት ላይ የሚቀር የለም፤ አልቃሿ የአባላቱን ድምፅ ሁሉ ባንዴ የምታነሳው ያን ቀን ነውና ሰው እሱን መስማት ይወዳል። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ሴቶቹ የታጠበ ጥቁር ለብሰው መጡ። አየሩ የንፍሮ፣ የሰው ላብና የሽቶ ድብልቅ ሆኖ ከብዷል። ጋሽ ኪሩቤል ያፌት ታታሪ፣ ትሑት፣ ለሰው አዛኝ እንደነበረ ተናገረ፤ ቃላቱን ባለፈው ወር ለሌላ ሰው ተናግሯቸዋል። ሶልያና ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ሜላት ክንዷን ይዛ ሳበቻት።

«ወዲህ ነይ።»

«ምነው? እዚህ ነው ጥሩ የሚሰማው።»

«ወዲህ ነይ አልኩሽ። አንተም ወንድሜ፣ ተነሥልኝ፣ ልጠርገው ነው።» ሐዘንተኛ ናትና የምትለውን ሳይጠይቁ ተነሡላት።

መዝጊያው ልቅሶ ተጀመረ። የሕንፃው ሰው ሁሉ ድምፅ፣ በሕይወት ያለውም ስሙ ሳይሰረዝ የቀረው ሟችም፣ ከምሰሶው ፈሰሰ። ለቀስተኞቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዱ የራሱን ድምፅ ሲለይ በክርኑ ጎረቤቱን ነካ።

መጀመሪያ የተበላሸ ነገር እንዳለ ያወቀ አልነበረም። ድምፆቹ ትንሽ ፈጠኑ። ከዚያ በጣም ፈጠኑ፤ ወንዱም ሴቱም ቀጠነ፤ ቃሉ ከቃል ተዋጠ። «ወይኔ ደጉ ወይ ወይኔ ክፉ ወይ ወይ» እያለ፣ አንድ ጉሮሮ ብዙ ሰው ባንዴ የሚያስመልስ መሰለ። ሰዎች ጆሮአቸውን ያዙ። የመኪና ፍሬን የመሰለ ፉጨት አዳራሹን ሰነጠቀው፤ ምሰሶው ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ በመስኮት የሚገባው የከሰዓት ብርሃን ብቻ ቀረ። ቀለሙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። በስንጥቁ መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ወጣ፤ እየተንቆረዘዘ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ሽታው የተቃጠለ ፀጉርና የቆየ እንቁላል ነበር። በቅርብ ያሉት ጫማቸውን አነሡ።

ጸጥ አለ። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ልቅሶ ባለበት ቀን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የሚያኝክ ሰው ካለ ይሰማል፤ ነበረም፤ ኋላ እሱም አቆመ።

ሜላት አፏን ከፈተች። የነጠቃት የለም።

መጀመሪያ የወጣው ልቅሶ አልነበረም፤ ሳል ነው፤ ከዚያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ያለ ሲጥታ። ድምፏ አርጅቷል። አፍንጫዋ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም። ደረቷን አንዴ መታች።

«ጨቅጫቃው ባለቤት፣ ጨቅጫቃው ጓደኛ፣
ስድብህን ሳልሰማ እንዴትስ ልተኛ።»

እዚህ ላይ ሴቶች «ወይ! ወይ!» ብለው መቀበል ነበረባቸው። የተቀበለ አልነበረም። የሚያውቁት እንኳ የሚቀበሉት ከምሰሶው ሲመጣ ነበር፤ ከሰው ፊት፣ ከንፍጥ ጋር ሲመጣ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ አጡ።

«ሲታመምም ተሳደበ» አለች ሜላት፤ ግጥሙ አልቆባት በተራ ቃል ቀጠለች። «አልጋው ላይ ሲቆሽሽ ሥሩን ስጠርግለት፣ ‹እጅሽ በረዶ ነው አንቺ ሴት› ይለኝ ነበር። በረዶ ነበር፤ እውነቱን ነው። አሞቀው ነበር እኮ ያፌት፤ ከዚህ ወዲያ በምን ላሙቀው ነበር? አንተ ጨቅጫቃ። አንተ ክፉ። አሁን በካልሲ ማን ይጣላኝ?»

«ኧረ በፈጠራችሁ» አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ፤ «ሟች ትሰድባለች።»

«ሥሩን አለች እንዴ? ሰው እየበላ?»

«ታማለች፤ ውሃ ስጧት።»

ውሃ የሰጣት የለም። ሰዎቹ ቡናማውን ፈሳሽ ባዩበት ዓይን አዩአት፤ እግራቸውንም እንደዚያው ሰበሰቡ። ሶልያና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ልቅሶ ይሁን ሽታው ይሁን አይታወቅም። እጇን አንድ ጊዜ ወደ ሜላት ዘረጋች፤ ግራ ቀኙን ስታይ ማንም እንዳላደረገው አየች፤ እጇን መለሰች።

ሜላት እስኪያልቅላት ድረስ አለቀሰች። ረጅም አልነበረም። ያን ያህል ተሸክማው የቆየችው ነገር ሲወጣ ትንሽ ነበር፤ ቀፋፊ፣ የማያምር፣ ግን የእሷ። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

ጋሽ ኪሩቤል ጉሮሮውን አጸዳ። «ወገኖች፣ ኃይል በዝቶባት ነው። የመብራቱ ጣጣ ነው፤ የማንም ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ልንወያይበት ይገባል። እትዬ ብሌን አምስተኛ ፎቅ ላይ በጠና ታማ ተኝታለች። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልናደርግ ነው?»

በአዳራሹ ውስጥ እውነተኛ ፍርሃት አለፈ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ የሌላውን አፍ ነበር የሚያየው።

«ሌላ ይገዛ» አለ አንዱ።

«የት ይገባል? ምሰሶው እኮ አንዴ ተሞልቷል።»

«አዲስ ምሰሶ እናቁማ። የሚሸከመው ነገር ባይኖርም ምን ቸገረ? ለእሷ ብቻ።»

ሐሳቡን ሁሉም ወደዱት። ድምፃቸው ተመለሰ፤ እንዲያውም ሞቅ አለ። ወደ ማድ ቤቱ ይጠጋ የሚሉና በር አጠገብ ይሁን የሚሉ ተከራከሩ። ሶልያና በር አጠገብ ቢሆን ገና ሲገቡ ይሰማል አለች። ካርታ ሲጫወቱ ከነበሩት አንዱ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ጫፉን ለጋሽ ኪሩቤል አስያዘው፤ እየዘረጋ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ ይለካ ጀመር።

ሜላት ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። በወንበሮቹ መሐል አልፋ ወደ በሩ ስትሄድ ሜትሩ መንገዷ ላይ ተወጥሮ ነበር። ሰውዬው እንድትሻገር በጫማው ተጭኖ ወለሉ ላይ አስተኛላት፤ ቀና አላለም። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ።